ጠበል ነው ያልኩት ስልጆ

የባል እህት ያላት ሴት ጾም ለምን እንደሚታዘዝባት አይገባኝም። ንስሐዋን በቁሟ ጨርሳ የለ!

«ይቺ ሴትዮ ዛሬም የባሏን እህት ልታማ ነው» እንዳትሉኝ። ሐሜት የሚባለው ሰው የማያውቀው ነገር ሲወራ ነው። የእኔንና የእትዬ ድንቅነሽን ነገር ከሞላሌ እስከ ዘመሮ የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ ጆሮውን ያመዋል።

ነገሩ የስልጆ ነው። ስልጆ ታውቃላችሁ አይደል? የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፣ ቀላል ነው። የሱፍ ውሃ ታሞቃላችሁ፣ የባቄላ ዱቄት እያማሰላችሁ ትጨምሩበታላችሁ፣ ሲበርድ ሰናፍጭ ትለውሱበታላችሁ፣ ከዚያ ሸፍናችሁ ትተዉታላችሁ። በአራት በአምስት ቀኑ ራሱን ችሎ ይኮመጥጣል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ጨው... አለቀ! በጾም ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ ቅቤ አትይዙ፣ እንቁላል አትይዙ፤ ስልጆ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ሙክት የነዳችሁ ያህል ትከበራላችሁ። ከባዱ ስልጆውን መሥራት አይደለም። ከባዱ «ማን ሠራው?» ሲባል ቀድሞ «እኔ» ማለት ነው። ይህን የምላችሁ ከአርባ ዓመት ቁስሌ ተነስቼ ነው።

ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ዓመት፣ በመጀመሪያው ሁዳዴ፣ አማቴ ነፍሳቸውን ይማረውና ታመው ተኙ። ስልጆውን የጣልኩት እኔ ነኝ። አንድ እሑድ የነፍስ አባታችን መጡ። በሉ፣ በሉ፣ እንጀራው ሲያልቅ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት። ከዚያ ቀና ብለው «ይህን ማን ሠራው?» አሉ።

ያኔ ሙሽራ በአማቷ ቤት አፍ አልነበራትም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ አንድ ሰው «እሷ ናት» እስኪልልኝ እጠብቃለሁ። የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ድንቅነሽ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«እኔ ነኝ አባ!»

በሉ እንግዲህ! አባ እጃቸውን ዘርግተው «እጅሽ ይባረክ፣ የነካሽው ይጣፍጥ፣ ስምሽ በየማዕዱ ይነሳ» ብለው መረቋቸው። ያዕቆብ የወንድሙን ምርቃት ሲወስድ ቢያንስ የፍየል ለምድ ለብሶ ለፍቷል። እትዬ ድንቅነሽ እኮ እጃቸውን እንኳ አልታጠቡም!

ምርቃቱ ደግሞ አልቀረም፣ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ማኅበር ሲወጣ፣ የጾም ድግስ ሲደገስ፣ «የድንቅነሽ ስልጆ ይምጣ!» ነው። የእኔንማ እትዬ ቀምሰው፣ ከንፈራቸውን ሞጥሞጥ አድርገው፣ «ሙሽራዬ... ጨው ይጎድለዋል» ይላሉ። በዓመቱ ጨመርኩ፤ ይጎድለዋል። አንድ ጊዜ በንዴት እፍኝ ሙሉ ጨምሬበት ባሌ ሌሊቱን እንስራ ሙሉ ውሃ ሲጠጣ አደረ። እትዬ ቀመሱና «አሁን ተሽሎታል፤ ግን ትንሽ ይጎድለዋል» አሉ። «ሙሽራዬ» የሚሉኝም እስከ ዛሬ ነው፤ የልጅ ልጅ አይቼ!

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲጋመስ ልጄ ሰይፉ ደወለ። ደብረ ብርሃን መምህር ነው።

«እማዬ፣ ቅዳሜ የሚስቴ አባትና እናት ቤታችን ይመጣሉ። ያን ስልጆሽን ይዘሽልኝ ነይ።»

ስልጆሽን! እናንተ ይህቺ ቃል ምን እንደሆነች አይገባችሁም። እትዬ ድንቅነሽ በሌሉበት ገበታ፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቀምሰው «ማን ሠራው?» ሊሉ ነው። እኔም ዛሬ አፍ አለኝ። ምርቃቴን ላስመልስ ነው!

ሞላሌ እንደምታውቁት ብርድ ነው፤ ስልጆውም እንደ አገሩ ሰው አይቸኩልም። ምድጃ ዳር አስጠግቼው፣ ጠዋት ማታ እያማሰልኩት፣ ሥራውን ሳይጨርስ ዓርብ ደረሰ። አማቴ «ስልጆ ይተንፍስ፣ በጨርቅ ብቻ ሸፍኚው» ይሉ ነበር። እኔ ግን የሰው ዓይን ፈራሁ። የማንን ዓይን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጀሪካን ውስጥ ጨመርኩት፣ አፉ ላይ ፌስታል ደረብኩ፣ ክዳኑን በሙሉ ጉልበቴ አጠበቅኩ፣ በጋቢ ጠቀለልኩት፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ መንገድ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ከመሐል ሜዳ መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

«ሙሽራዬ! ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!»

እትዬ ድንቅነሽ! ነጠላቸው እንደ ጓሳ ውርጭ ነጭቷል። እግራቸው መሀል አፉ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ አለ።

«በደኅና ነው እትዬ? ወዴት ነዎት?»

«ሰይፉ ደውሎልኝ ነዋ! ‹እትዬ፣ ያን ስልጆዎን ይዘውልኝ ይምጡ› ሲለኝ እምቢ ልበል?»

የገዛ ልጄ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት! (በኋላ ስይዘው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንዱ ቢበላሽ ብዬ ነው እኮ እማዬ!» የማን እንደሚበላሽ የገመተ ይመስለኛል።)

«አንቺስ ምንድነው ያቀፍሽው?»

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ስልጆ ነው ብል «እስቲ ክፈቺው» ይላሉ፤ በሚኒባሱ ሰው ሁሉ ፊት ያሸቱና የጨውን ነገር ያነሱታል። ምላሴ ቀደመኝ።

«ጠበል ነው።»

«የየት?»

«የ... የአቦ።»

«እሰይ! እግዜር ነው የላከሽ! ጉልበቴን ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረ። ትንሽ ርጪልኝ።»

«ለሰይፉ ነው እትዬ... ገና አልተነካም።»

«ጠበል ይረጫል እንጂ ይደበቃል?»

ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ለእኔም ለወገቤ!» አለች። አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ «ልጄ፣ ጠበል የከለከለ ኃጢአቱ አይጣል ነው» አሉኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «እናቴ፣ ለመኪናዋም ይድረሳት። ፍሬኗ ሰሞኑን ሰነፍ ብሏል» አለ። ይህን ሲል ቀልድ የመሰላቸውም ያልመሰላቸውም እኩል ጮኹ፤ «አሁኑኑ ይረጭ!»

በዚህ መሀል ጀሪካኑ ጭኔ ላይ ማጉረምረም ጀምሯል። ሞላሌ ላይ ከብርድ ጋር ሲታገል የከረመ ስልጆ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ የሰው ትንፋሽ ሞቆት፣ መንገዱ ሲንጠው... የቀረውን ሥራ በአንድ ሰዓት ሊጨርስ ተነስቷል። እትዬ ድንቅነሽ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ስሙ! ስሙ! ጠበሉ ይፈላል! ኃይለኛ ነው!»

ምን ላድርግ? ክዳኑን በትንሹ ላላ አድርጌ፣ ጣቴን አስነክሬ፣ ጉልበታቸውን ጠረግ ላደርግላቸው አሰብኩ። ሩብ ዙር አዞርኩት።

ቧ!

ክዳኑ ጣሪያውን መታ። ስልጆዬ ተከተለው። ከጣሪያው ተመልሶ ሽማግሌው ጢም ላይ፣ ሾፌሩ መስታወት ላይ፣ ለወገቧ የለመነችው ሴት አናት ላይ... የቀረው በሙሉ፣ አቦ ምስክሬ ናቸው ሆን ብዬ አይደለም፣ እትዬ ድንቅነሽ ላይ! ያ ውርጭ የመሰለ ነጠላ የባቄላ ክክ የተሰጣበት ስልቻ መሰለ።

ሰናፍጭ ላይ ደግሞ እጄ ከባድ ነው። በአንድ አፍታ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ያነባ ጀመር። ሾፌሩ ዓይኑን እያሸ ዳር ይዞ አቆመ። መንገድ ላይ የነበሩ ገበያተኞች ያን ሁሉ ሰው ተንሰቅስቆ ሲወርድ አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ኧረ ማን ሞተባችሁ?» እያሉ ሊያስተዛዝኑን መጡ።

«ማንም አልሞተ፣ ጠበል ነው» አላቸው ሾፌሩ።

እትዬ ድንቅነሽ እንደተቀመጡ ናቸው። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ከግንባራቸው የወረደውን ስልጆ ከከንፈራቸው ላይ በምላሳቸው ጠረግ አደረጉት። ሞጥሞጥ አሉ።

«ሙሽራዬ... ጠበልሽ ጨው ይጎድለዋል።»

ሰዉ በዕንባው መሀል ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለምን? አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«እትዬ... ዛሬ ዓርብ ነው። ገና ሦስት ሰዓት ነው። ቀመሱ እንዴ?»

ፊታቸው ተለወጠ። እትዬ ድንቅነሽ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፋቸው አይዞርም። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቀን ጾም ገድፈው እንደማያውቁ እሳቸው ሳይነግሩት የሞተ ሰው የለም።

«ሳላስበው ነው!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሰው እንዳትናገሪ።»

«እኔ?» አልኩ። «ሙሽራ አፍ አላት እንዴ?»

ቅዳሜ ገበታ ቀረበ። ከእኔ ጀሪካን የተረፈው ለአይጥም ቁርስ አይሆን፤ የቀረበው የእትዬ ማሰሮ ነው። አማቴ እንዳሉት በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ፣ በሥርዓቱ ሲተነፍስ መጥቷል። የምራቴ አባት በሉ፣ በሉ፣ እንጀራው ሲያልቅ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት። ይህን ነገር የት ነበር ያየሁት? ቀና አሉ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ!»

ካሰብኩት በላይ ጮህኩ መሰለኝ። የሰይፉ ጉርሻ አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ። እትዬ ድንቅነሽ አፋቸውን ከፈቱ። እኔም በማር በተለወሰ ድምፅ፣ «እትዬ፣ የትናንቱን መንገድ ያስታውሳሉ? የዓርቡን?» አልኳቸው።

ዘጉት።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «እጅዎ ይባረክ፤ የነኩት ይጣፍጥ፤ ስምዎ በማዕድ ይነሳ!» በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ከ«አሜን» አባባሌ የተነሳ ጓዳ የተኛው የልጅ ልጄ ነቅቶ አለቀሰ።

እትዬ ድንቅነሽ ግን ጎረሱ። አላመጡ። ከንፈራቸውን ሞጥሞጥ አደረጉ።

«መልካም ነው» አሉ ለሽማግሌው። «ጨው ግን ይጎድለዋል።»

የራሳቸውን ስልጆ! በገዛ እጃቸው የጣሉትን! ልማድ ይሁን በቀል እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሰኞ አብረን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ከደረቀ ስልጆ ጋር ሲታገሉ፣ ነጠላቸውን በጥፍራቸው ሲፍቁ መጡ። ሞላሌ ስወርድ ጀሪካኔን በመስኮት አቀበሉኝ። ታጥቧል። ከባድ ነው።

«ዕቃ ባዶውን አይመለስም» አሉ። «ምርቃቱን ከወሰድሽ ስልጆውንም ውሰጂው።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፊት መልሰው፣ «ያን ጊዜ... አባ የመጡ ዕለት...» ብለው ጀመሩ።

ሾፌሩ ነዳው! አርባ ዓመት የጠበቅኩትን ቃል ጭኖ ሄደ። ፍሬኗ ሰነፍ ነው ብሎን የለ? እዚያች ጋ ለመቆምም ሰነፈች።

ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ ቀመስኩት። የእትዬ የልጅ ልጅ ይህን ገጽ በየሳምንቱ እንደምታነብላቸው ሰምቻለሁ። ልጄ፣ ቀጥሎ ያለውን መስመር ለአያትሽ እንዳታነቢ፤ ዝለዪው።

ምንም አልጎደለውም።

አሁን ቀጥዪ፣ ድምፅሽንም ከፍ አድርጊው፤ ጨው ይጎድለዋል!