ጀሞ ደርሳ ያልወረደችው ልጄ

ድሮ ልጅ እንቅልፍ እምቢ ካለው ቡዳ በልቶት ይሆናል ተብሎ ጠበል ይወሰድ ነበር። ዛሬ "ጎበዝ! ዓይኑን አይከድንም!" ተብሎ ይመሰገናል። ከአመስጋኞቹ አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ምን እደብቃለሁ?

ልጄ ቤዛዊት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሥረኛ ክፍል። ዘንድሮ ሰው ሲጋራ እንደሚተው ቆርጣ እንቅልፍን ተወች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኢነርጂ የሚሉትን የጣሳ መጠጥ ትጨልጣለች፤ ማታ ደግሞ በፔርሙስ የተሞላ ቡና ይዛ ክፍሏ ትገባለች። ቡናውን ማን አፈላው? እኔው ነኛ! እናት አይደለሁ? ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ ልጇ በሦስት ሰዓት እንደምትተኛ ስትነግረኝማ ከልቤ አዝኜላት፣ "አይዞሽ፣ ስታድግ ይተዋታል" ብዬ አጽናናኋት።

እርግጥ ትንንሽ ለውጦች ነበሩ። እጇ ሲንቀጠቀጥ "ብዙ ከመጻፍ ነው" አልኩ። ስትነጫነጭ "ምሁር መቼ ሳቂታ ሆኖ ያውቃል?" አልኩ። "እማዬ፣ ልቤ በኃይል ይመታል" ስትለኝ ደግሞ፣ "የማይመታ ልብማ ምን ያደርግልሻል?" ብዬ ቀለድኩባት። ከእኔ ወዲያ ሐኪም!

ማክሰኞ የባዮሎጂ ፈተና አለ ብላ ጭራሽ ሳትተኛ አደረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው፣ ለሰው ልጅ እንጂ ለእኔ ልጅ አልመሰለኝም። ትምህርት ቤቷ ብስራተ ገብርኤል ነው፤ የፈተና ቀን ቢዘገይ ቢዘገይ በስድስት ሰዓት ጀሞ ቤታችን ትገባለች። ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፤ ቤዛዊት የለችም። ስልኳ ዝግ ነው። ትምህርት ቤት ስደውል ጥበቃው፣ "ኧረ ተማሪዎቹ ከወጡ ቆዩ" አለኝ።

ይኼኔ ቀልዴ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አንድ እግሬን በጫማ፣ አንዱን በነጠላ ጫማ አድርጌ ከአራተኛ ፎቅ ወረድኩና ወደ ታክሲ ተራው በረርኩ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ ፎቶዋን አሳየሁ። በመጨረሻ ተራ አስከባሪው ስልኬን ተቀብሎ አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"እናት፣ አይዞሽ! ይቺ የተኛችው ልጅ አይደለችም እንዴ? ጀሞ ሁለቴ ደርሳ ሳትወርድ ተመልሳለች። አሁን ከሜክሲኮ እየመጣች ነው።"

እዚያው መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

ሚኒባሱ መጣ። ልጄ ኋላ ወንበር ጥግ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ረዳቱ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ደፋ።

"ስንቀሰቅሳት 'እማዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ' ትለናለች። ታዲያ ሴት ልጅ ተኝታ የት እንጣላት? ሹፌሩ 'ተዋት፣ ፈላጊዋ ይመጣል' አለኝ።"

ስማቸውን የማላውቃቸው ሁለት ወንዶች ከእኔ የተሻሉ እናት ሆነው ውለዋል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጄን እንዲህ ተኝታ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ፊቷ የልጅነት ፊቷ ነበር፤ መቀስቀሱ አሳዘነኝ። ተሳፋሪው ግን ተሰልፎ ይጠብቃልና ትከሻዋን ነካሁት።

"ጀሞ ደረስን?" አለች፣ ዓይኗን እያሸች።

"ሦስቴ" አልኳት። ከዚያ አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷ ደግሞ ሰው አየን ብላ አፈረች።

እንግዲህ በእኔ ቡና የመጣ ጣጣ ነውና በምን አፌ እቆጣለሁ? ቤት እስክንደርስ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። ደረጃው ላይ ግን አላስችል አለኝና፣ ለመሆኑ ያ ሁሉ የታደረለት ፈተና እንዴት ነበር አልኳት።

"አልተፈተንንም እኮ" አለችኝ እያዛጋች። "መምህራችን ጥያቄ ሲያወጡ አድረው፣ እንቅልፍ ጥሏቸው ቀሩ።"