ግማሽ በቆሎ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዝናቡ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ሲዘንብ አየሁ። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ ከጫማው ሥር ይዞ ይሄዳል። እኔ ጃንጥላ አልያዝኩም። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ በስብሶ፣ ኮፍያዬ ግን ደረቅ እንደሆነ፣ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ደረስኩ። እዚያ ጥግ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች። የሄድኩት ግን በቆሎ ልበላ አልነበረም። ባለቤቴን ይርገዱን ፍለጋ ነው።

ይርገዱ ያረፈችው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። በበቆሎ ቀልድ የማታውቅ ሴት ነበረች። ፍሬውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን አድርጋ ወተት ሲፈናጠቅ ካላየች አትገዛም። ጠባሿ “ኧረ እትዬ፣ ሁሉንም ወጋግተሽ ጨረሽብኝ!” እስክትላት ድረስ ታገላብጣለች። በመጨረሻ የምንገዛው አንድ ብቻ ነው። ጉልበቷ ላይ ቀጭ አድርጋ ትሰብርና ወፍራሙን ለእኔ፣ ጫፉን ለራሷ ታደርጋለች። አንድ ቀን “ምናለበት ሁለት ብንገዛ?” ብላት “ሁለት ከገዛን ማን ከማን ጋር ሊበላ ነው?” ብላ ዘጋችኝ። እሷ ከሄደች ወዲህ በቆሎ አልቀመስኩም። ሽታው ሲመጣ መንገድ እቀይራለሁ። በሕልሜ ግን ሽታውን ተከትዬ ሄድኩ።

ምድጃው ጋ ስደርስ ጠባሿ የለችም። በርጩማው ላይ የተቀመጠችው ራሷ በቆሎዋ ናት። አረንጓዴ ቅጠሏን እንደ ነጠላ አጣፍታ፣ ጢሟን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ በካርቶን ከሰሉን ታራግባለች። ሽቦው ላይ የተደረደርነው እኛ ሰዎቹ ነን። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ብቻ በጎኔ ተጋድሜ ራሴን አገኘሁት። እሳቱ አያቃጥልም። ብርድ ላይ ለከረመ አጥንት እንዲያውም ደስ ይላል። ከጎኔ የተጋደሙት ጎረቤቴ ባሻ ወርቅነህ “እስቲ በወገቤም በኩል አዙሪኝ፣ ልጄ” ይሏታል።

ገዢዎች መጡ፤ እነሱም በቆሎዎች ናቸው። አንዷ ወፍራም ጎንበስ አለችና ጉንጬን በጥፍሯ ጫን አደረገችኝ።

“ይሄ ጠንቷል” አለች። “ጠብታ ወተት የለውም።”

“ለቅቅል ይሆናል” አለች ጠባሿ።

“ማን ነው ለቅቅል የሚሆነው?” አልኩ ደሜ ፈልቶ። “እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ!”

“ይናገራል ደግሞ! በይ ጠቅልይልኝ።”

ጠባሿ አገላብጣ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። “እሱን አልሸጠውም። ግማሽ ነው።”

“ሙሉ ይመስላል እኮ።”

“ይመስላል እንጂ ግማሹ የለም። ግማሽ ሰው ደግሞ ሸጠን አናውቅም።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ ንግግር ያስቆጣኝ ነበር። ያን ሰዓት ግን ልቤ ደነገጠ። ከሽቦው ዘልዬ ወረድኩና “እህቴ፣ ግማሼ የት እንዳለች ታውቂያለሽ?” ብዬ ለመንኳት። ከቅጠሏ ውስጥ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ግማሽ በቆሎ አወጣች። ወፍራሙ በኩል ነው።

“የአክስቴ ልጅ ነው፤ በክብር ያዘው” አለችኝ። “ጫፉ እሷ ዘንድ ነው። ሳይቀዘቅዝ ድረስላት። ከቀዘቀዘ አይገጥምም።”

እጄን እየፈጀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያቀያየርኩ፣ ወደ ታክሲ ተራው ሮጥኩ። ታክሲዎቹ ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ሰልፉ ተጠማዞ ዳቦ ቤቱን አልፏል። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየተጀነነች ብቅ ስትል ታክሲዎቹ ተጋፉ። “ወረፋችሁን ጠብቁ፣ ምን ዓይነት ጊዜ ነው!” ብላ ጮኸችባቸው። እኔ ጋ ደግሞ አንዱ ረዳት ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘ።

“አባባ፣ በእናትዎ ይግቡልኝ! ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው አልቀናኝም” አለና ሒሳቡን ራሱ ከፈለኝ።

ሾፌሩ አህያ ነበር። ከሰሉ በየወንበሩ ተመቻችቶ ተቀምጧል፤ ከሰል ነጋዴዎቹ ጣሪያው ላይ በገመድ ታስረዋል። አነዳዱ መጥፎ ቢሆን ባልከፋኝ። ከእኔ የተሻለ መንዳቱ ነው ያንገበገበኝ።

“ወዴት ነው አባባ?”

“ይርገዱ ጋ።”

“ያለችበትን ያውቁታል?”

“አላውቀውም።”

“ጎሽ። የሚያውቅ ሰው አልጭንም” አለና በኋላ ማርሽ ተፈተለከ።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ አወረደኝ። ሠራተኞቹ በሙሉ ከነከረባታቸው ደጁ ላይ ተሰልፈው ዝናቡ ከሥር ይመታቸዋል። ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ፣ ሽንኩርት የሚቸረችሩት እማማ ድንቄ ሻይ ይጠጣሉ። ኃላፊው ባርኔጣውን አውልቆ ይለማመጣቸዋል።

“ኧረ እማማ፣ ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር እኮ።”

“ሲስተም የለም አልኩህ! አማርኛ አይገባህም?”

በሰልፉ መሐል ተሹለክልኬ በቆሎውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። “እማማ ድንቄ፣ ይርገዱን አላዩዋትም? እየቀዘቀዘብኝ ነው።”

“ይርገዱማ ለቅሶ ቤት ናት።”

“ማን ሞቶባት?”

“ምሳ ሰዓት ደርሷል” አሉና መስኮቱን ጠረቀሙት።

ወዲያው የእድር ጡሩምባ ሰማሁ። የሚነፋው ነጭ ፍየል ነው፤ እየነፋ ያልፋል፣ እኔም ከኋላው እሮጣለሁ። በቆሎው አሁን እጄን አይፈጅም። ይሞቃል ብቻ። በጋቢዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። “አደራህን” እለዋለሁ፣ “ትንሽ ታገስ።” አፍ ባይኖረውም የተረዳኝ መሰለኝ።

ድንኳኑ ተገልብጦ ነው የተተከለው፣ አናቱ መሬት ነክቶ። ለቀስተኛው ከላይ ይገባና ተንሸራትቶ ወንበሩ ላይ ዱብ ይላል። እኔም ተንሸራትቼ አንድ ሽማግሌ አጠገብ አረፍኩ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንዳንዱ ጉልበቱን እየመታ፣ አንዳንዱ ሰው ተደግፎ። ሐዘንተኞቹ በሚቀመጡበት በኩል ዓይኔን ስወረውር ይርገዱ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች። ያ ዳግመኛ የማላየው የመሰለኝ ፊቷ እዚያው ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ሽማግሌው በክርናቸው ጎሸሙኝ። “አንተ ሰውዬ! በሰው ለቅሶ ላይ ታለቅሳለህ እንዴ? ይሉኝታ የለህም?”

“ምን ላድርግ ታዲያ?”

“እንደ ሰው ሳቃ!”

ሞከርኩ። ሳል ነው የወጣኝ። “ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?” አልኳቸው።

“ጌጡ የሚሉት የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ደህና ሰው ነበር። ሲበላ ግን ይፈጥናል ትላለች ባለቤቱ።”

ጌጡ እኔ ነኝ። ለካስ በዚያ በኩል የሞትኩት እኔ ኖሬያለሁ፣ የቀረችው እሷ ናት። ስለ ራሴ አላዘንኩም። ያዘንኩት ዓመቱን ሙሉ እኔ ብቻ የተጎዳሁ መስሎኝ ስብከነከን እሷም ብቻዋን በመክረሟ ነው። ተነስቼ በሰው ጉልበት መሐል አልፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የለቅሶ ቤት ወግ ጠፋብኝና “እግዜር ያስቅሽ” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም።

“ዘገየህ” አለች።

“ታክሲ በዝቶብኝ ነው።”

“ምክንያት አታጣም መቼም። ቀዘቀዘ?”

“ሞቅ ይላል ገና።”

“እስቲ።”

ከነጠላዋ ሥር ጫፉን አወጣች። እኔም ከጋቢዬ ውስጥ ወፍራሙን አወጣሁ። ገጣጠምናቸው። ስብራቱ እንኳ አልታይ አለ። ሁለታችንም እጃችንን ሳናነሳ ቆየን።

“ናፍቀሽኛል ይርገዱ” አልኳት። “ቤቱ ውስጥ የሚጨቀጭቀኝ ሰው የለም። ካልሲዬን የት እንደወረወርኩት የሚጠይቀኝ የለም።”

“እኔስ? የምጨቀጭቀው አጥቼ ከግድግዳ ጋር ስጣላ እውላለሁ። ግድግዳ ደግሞ መልስ አያውቅም።”

“እኔ መች እመልስ ነበር?”

“ታጉረመርም ነበራ። ማጉረምረምህ ነው የናፈቀኝ።”

ፍየሉ ጡሩምባውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ መሐላችን ቆመ። “በሉ ቶሎ ብሉና እንነሳ” አለ። “በቆሎው ሲበላ ሐዘኑ ይፈታል፣ ድንኳኑም ይነቀላል። ሌላ ቦታ ቀጠሮ አለኝ።”

ያን ጊዜ ገባኝ። ከበላን ልንለያይ ነው።

“አንብላው” አልኳት በሹክሹክታ። “እንዲሁ ይዘነው እንቀመጥ።”

“ይቀዘቅዛል።”

“ይቀዝቅዝ!”

“ከቀዘቀዘ አይገጥምም፤ ነግረውህ የለም?” አለችና የጫፉን ፍሬ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን አደረገችው። ወተቱ ጉንጬ ላይ ተፈናጠቀ። “አየኸው? ይሄን በቆሎ ማበላሸት ኃጢአት ነው። ብላ በቃ፣ ጌጡዬ። ግን ቀስ በል። አደራህን ቀስ በል።”

አንድ ፍሬ ነቅላ አጎረሰችኝ። ከሰል ከሰል የሚል፣ ደግሞ የሚጣፍጥ። በምላሴ ያዝኩት። አላኘኩትም። ሰው ሁሉ መሳቁን አቁሞ ያየኛል። ፍየሉ ኮቴውን መሬት ላይ ያንኳኳል። እኔ ፍሬዬን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛውራለሁ። ሌላ ሕልም ሌላ ሰው ይይ፤ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አልኩ በልቤ።

ይርገዱ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። የለቅሶ ሳቅ አይደለም፤ የራሷን፣ ያንን አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እየዘለለ የምትስቀውን ሳቅ።

“ስትኖር እኮ እንዲህ ቀስ ብለህ በልተህ አታውቅም!” አለች።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ስስቅ ጥርሴ ፍሬው ላይ ገጠመ።

ነቃሁ። የጋቢዬን ጠርዝ ነክሻለሁ። ነግቷል፤ ግቢው ውስጥ የድንኳን ብረት ይንኳኳል። ልጄ ትርንጎ በሩን ከፍታ “አባዬ፣ ተነስ እንጂ” አለችኝ፤ “የእማዬ ሙት ዓመት እኮ ነው፣ ሰው መምጣት ጀምሯል።” ከኋላዋ የይርገዱ ወንድም አላምረው ቆሟል። ትናንት ከቡሬ ገብቶ ሳሎን ያደረ ነው። እግሩ ሥር እሸት በቆሎ ከነቅጠሉ ጢም ብሎ የሞላበት ጆንያ አለ።

“ጋሼ፣ ትወደው ስለነበረ ነው ያመጣሁት” አለ ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ። “ለንፍሮው ይቀቀል ወይ? ምን ይሁን ይላሉ?”

ጆንያውን አየሁት። አንዱን ለሁለት ስንበላ ኖረን፣ አሁን ሙሉ ጆንያ መጣላት፤ እሷ ግን የለችም። አላምረው መልስ ይጠብቃል።

ትርንጎ ጠጋ ብላ ፊቴን አየችኝ።

“አባዬ፣ ምንድን ነው የምታኝከው?”

አፌ ባዶ ነበር። ቀስ ብዬ ማኘኬን ግን አላቆምኩም።