ክሩን ማላላት

ሰው ሲባል ማጥበቅ ይወዳል። ቀበቶውን ያጠብቃል፣ የበቅሎውን ልጓም ያጠብቃል፣ ልጅ ሲወልድ ደግሞ ቁጥጥሩን ያጠብቃል። እኔም ከዚሁ ወገን ነበርኩ። ወጣት አስተማሪ ሆኜ ወረታ ስመደብ፣ ጎንደር ከአንድ ሙዚቀኛ የገዛሁትን የኤሌክትሪክ ጊታር ተሸክሜ ገባሁ። ወረታ ያን ጊዜ መብራት አልነበራትም። ወጣት ነበርኩ አልኳችሁ እኮ!

በዓመቱ ትርንጎን ወደድኩ። አባቷ አቶ ዋሴ በፎገራ ሜዳ ብዙ ከብት ያላቸው፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ብልክ «ክር ሲመታ ይውላል አሉኝ፤ ልጄን ለአዝማሪ አልድርም» ብለው መለሷቸው። በብዙ ልመና «እንግዲያው እሑድ መሣሪያውን ይዞ ይምጣና ሰምቼ ልፍረድ» አሉ።

ጣጣዬ ገባችሁ? አሳምሬ ከመታሁ አዝማሪ ነኝ፤ ካበላሸሁት ደግሞ ምንም የማይሆንለት ሰው። ዘመናዊ ነገር መሆኑን ሲሰሙ ልባቸው ይራራል ብዬ ማሳመሩን መረጥኩ። ጣቶቼ ግን እምቢ አሉ። የጊታሩ አንገት ረጅም፣ የብረት ክሮቹም ውጥር ስለነበሩ ሦስት ቀን ብለማመድ ጣቶቼ ቆሳሰሉ።

ቅዳሜ ዕለት ከይፋግ ለገበያ የመጡት ማሲንቆ መቺው አያ ፈንታ ጣቶቼን አዩ።

«ምነው መምህር፣ ይኸ ክር ነው ወይስ የአጥር ሽቦ?» አሉና አንገቱን በስንዝር ለኩት። «ረዥም ክር ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥህ አብዝቶ መወጠር አለበት። ካሳጠርኸው ግን ብታላላውም ያንኑ ይልሃል።»

«አንገቱን ልቁረጠው?»

«ኧረ በማርያም!»

ክሮቹን አላሉና ቀጭን የወይራ እንጨት አንገቱ ላይ አጋድመው በጠፍር አሰሩት። መጀመሪያ ከልክ በላይ ስላላሉት ክሩ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጋር እየተጋጨ እንደ ጢንዚዛ ጮኸ። ጥቂት ከረር ሲያደርጉት ድምፁ እንደ ቀድሞው ሆነ፤ ጣቴ ግን እፎይ አለ። ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ስመታ ዋልኩ።

እሑድ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ትርንጎ ከጓዳ እያዳመጠች፣ በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ መትቼ አላውቅም። አቶ ዋሴ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«በል እንጂ፣ ጀምር» አሉኝ።

«እየመታሁ ነው፣ አባቴ።»

የኤሌክትሪክ ጊታር ሆዱ ድፍን እንጨት ነው። ያለ መብራትና ያለ ማጉያ ድምፁ ከባለቤቱ ጭን አያልፍም። አቶ ዋሴ ጊታሩን ሊነኩት እስኪደርሱ ተጠግተው አዳመጡ፤ ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሰው በከንቱ ሲያማ! አዝማሪ እኮ ይሰማል። ይኸማ ምስኪን ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እንደዚያ ቀን ተዋርጄም ተደስቼም አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቤታችን መብራት ሲገባ፣ አማቴ ሊያዩ መጡ። አምፖሉን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጊታር አዩ፣ እንደገና አምፖሉን አዩ።

«ይኸ ነገር ከዚያኛው ጋር አይገናኝም፣ አይደል?»

«አይገናኝም» አልኳቸው። ማጉያም እስከ ዛሬ አልገዛሁም።