በወረቀት የተኛችው ተኳሽ

(ይህን ሰውዬ ልብ ብላችሁ እዩት። የላውንድሪ ባለቤት ነው፤ ሱሪ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አምፖል ሥር ያገላብጣል። አጠገቡ የቆመችው ልብስ ተኳሿ ናት፤ የቀኝ እጇን አንጓ በጨርቅ ጠምጥማለች። ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው።)

ባለቤቱ፦ ሁለት መስመር! ይኸው፣ ሱሪው ላይ ሁለት መስመር አውጥተሽበታል!

ተኳሿ፦ ሁለት እግር ስላለው ነው፣ ጋሼ።

ባለቤቱ፦ አንዱ እግር ላይ ነው የምልሽ!

ተኳሿ፦ አንደኛውን ያወጡት እርስዎ ነዎት። ትናንት "ቆይ ላሳይሽ" ብለው።

ባለቤቱ፦ (ሱሪውን ወርውሮ) እሺ ይሁን! በይ፣ ደህና ግቢ።

ተኳሿ፦ የስንብት ክፍያዬስ? ሐኪሙ ይቺ እጄ በቀዶ ጥገና ካልሆነ አትድንም ብሏል እኮ።

ባለቤቱ፦ (እየሳቀ) አይ አንቺ! ሕግ የሚያውቅ ዘመድ የለሽም ማለት ነው። የስንብት ክፍያ ሳያቋርጥ ለሠራ ነው። አንቺን በየአሥራ አንድ ወሩ ለአንድ ሳምንት እያሰናበትኩ መልሼ ቀጥሬሻለሁ። ፈርመሻል!

ተኳሿ፦ ያን ሳምንትም እዚሁ ስተኩስ ነበር እኮ።

ባለቤቱ፦ በወረቀት ግን ቤትሽ ተኝተሻል።

ተኳሿ፦ ታዲያ ምነው እንቅልፉ ሳይደርሰኝ?

ባለቤቱ፦ ሕግ ረቂቅ ነው፤ አይገባሽም።

ተኳሿ፦ እሺ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት እንኳን ይጻፉልኝ። አጭር ይበቃኛል፤ "አሥራ አንድ ወር ሠርታለች" ብለው።

ባለቤቱ፦ አሥራ አንድ ወር? ሠራተኛ አይበረክትለትም ልታስብዪኝ ነው? ደግሞ እኔ ስጽፍ አጭር አልጽፍም! (እስክሪብቶውን መዝዞ፣ ምላሱን አውጥቶ ይጽፋል) "ለአሥራ ሁለት ዓመታት..."

ተኳሿ፦ ጋሼ፣ ኧረ ይቅርብዎ።

ባለቤቱ፦ "...አንዲትም ቀን ሳታቋርጥ..."

ተኳሿ፦ ያቺ የተኛሁባት ሳምንትስ?

ባለቤቱ፦ ዝም በይ! እሷ ከገባች ጽሑፉ ውበት ያጣል። "...በእኔ አባታዊ አመራር ሥር እንደ ሻማ ቀልጣ አገልግላለች።" እንዴት ነው?

ተኳሿ፦ እንባዬ መጣ።

ባለቤቱ፦ (ፈርሞ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ይመታል) ሁለተኛው ለጌጥ ነው። "ለሚመለከተው ሁሉ" ብዬዋለሁ።

ተኳሿ፦ (ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ) የሚመለከተውማ ዐቃቤ ሕጉ ነው።

ባለቤቱ፦ የምን ዐቃቤ ሕግ?

ተኳሿ፦ የስንብት ክፍያ የሚከለክሉ አሠሪዎችን የሚከሰው ነዋ። እንደማይከፍሉኝ ስለገባኝ አስቀድሜ ሄጄበታለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ "ሳታቋርጪ መሥራትሽን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ" ሲለኝ ነበር። የእርስዎን ፋይል ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው።

ባለቤቱ፦ (ፊቱ አንሶላ መስሎ) ስጪኝ! አንድ ቃል ብቻ ላርም!

ተኳሿ፦ ኧረ ውበቱ ይበላሻል!

ባለቤቱ፦ አንቺ... እኔ እኮ ሞኝ መስለሽኝ ነበር!

ተኳሿ፦ እኔም እርስዎ ብልህ መስለውኝ ነው አሥራ ሁለት ዓመት የፈራሁት። (ትወጣለች)

(ሳቃችሁን ጨርሱ። ከዚያ፣ እናንተ አሠሪዎች፣ ወደየራሳችሁ ደጅ ዙሩ። ሕጉን አናውቅም አትበሉኝ፤ እንዲህ አሳምራችሁ የምትጠመዝዙት ስለምታውቁት ነው። ጉልበቷን ጨርሳላችሁ ልትወጣ የተነሳች ሴት ካለች፣ እባካችሁ፣ ሳትከሳችሁ ዛሬውኑ ክፈሏት።)