ቢጫው ገመድና የአያ ፈንቴ በርኖስ

የጠራ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው ያለው ማነው? አምጡልኝና ልጠይቀው! ጠላ ይጥራ፣ ሰማይ ይጥራ፣ ግድ የለኝም። ቴሌቪዥን ግን… እናንተዬ፣ ቴሌቪዥን ባይጠራ ይሻላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ብቻ ለባለቤቴ እንዳታወሩብኝ። ይህን ዓምድ ስለማታነብ ነው የምደፍረው።

አያ ፈንቴ የባለቤቴ የጥሩዬ አጎት ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት፣ ደጋው አገር፣ መካነ ብርሃን ላይ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቋት እሳቸው ናቸው። አምና ትልቋን ልጃችንን ስንድር ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት መምጣት አልቻሉም። በአያ ፈንቴ ፈንታ በርኖስ መጣ። ከገዛ በጎቻቸው ፀጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ሲለብሱት ትከሻ የሚሰብር በርኖስ። ይዞት የመጣው ሰው የነገረን መልእክት አንድ ነው፤ ሙሽራው ይልበሰው።

ሙሽራው ግን ከሚዜዎቹ ጋር ቀይ የከፋይ ካባ ተከራይቶ ነበር። በርኖሱ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በግ በግ ይሸታል። «ኋላ እለብሰዋለሁ» አለ፤ ኋላ የምትባለዋ ሰዓት ሳትመጣ ሠርጉ አለቀ። በማግስቱ አያ ፈንቴ ደወሉና ሙሽራው በርኖሱን ለብሶት እንደሆነ ጠየቁኝ። ምን ልበል?

«መልበስ ብቻ? ሲበላም አላወለቀው!» አልኳቸው።

የወግ ጸሐፊ ነገር ታውቃላችሁ… ውሸት እንኳ ቅመም ካልገባበት አይጥመንም። ስልኩን ዘጋሁ፣ ውሸቱንም እዚያው ረሳሁት።

ዘንድሮ አያ ፈንቴ ጎንደር መጥተው ታከሙ። ሞራው ተገፈፈላቸው። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ፣ እኛ ቤት፣ ሳምንት አረፉና ሰኞ ጧት ወደ አገራቸው ሊሳፈሩ፣ እሁድ ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን።

«እንግዲህ ዓይኔ በርቷል። የልጄን ሠርግ አሳዩኝና ልግባ። አገሩ ሁሉ ስለ በርኖሴ ይጠይቀኛል።»

ሠርጉ ያለው ፍላሽ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው «በኤችዲ ነው የቀረጽኩት፣ የሰው ላብ ይቆጠራል» ብሎ ነው የሰጠን። ፍላሹን የሚያጫውት አዲስ ዕቃ ጎንደር አራዳ ሄጄ ከሰይድ ሱቅ ገዛሁ። ሰይድ ከአያቱ ጀምሮ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ሲሸጥ ምክር ይመርቃል። «ቴሌቪዥንህ ምን ዓይነት ነው?» ቢለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ኤችዲ ነዋ!» አልኩት። አልዋሸሁም። ኤችዲ ነው… ግን የመጀመሪያው ዘመን ኤችዲ፣ ሁለት ጎልማሳ የሚሸከመው። የማጫወቻው አዲስ ገመድ አፉ ጠፍጣፋ ነው፤ የኛ ቴሌቪዥን ሲሠራ ደግሞ ጠፍጣፋ አፍ የሚባል ነገር ገና አልመጣም ነበር። ሁሉም ቀዳዳው ክብ ነው።

ደግነቱ የድሮው ዲቪዲያችን ገመዶች በመሳቢያ ነበሩ። ባለ ሦስት ጫፍ ናቸው፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ። ማጫወቻው ላይ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ አገኘሁና ሰካሁ። ሌሎች ቀዳዳዎችም ነበሩት፤ ትርፍ መሰሉኝ። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገባሁ። ነጭና ቀዩ ለድምፅ ከተባለው ቦታ ልክክ አሉ። ለምስሉ ግን አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ… ቢጫ የለም! ቢጫው ጫፍ እጄ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው አገር ወዳድነቴ ጉድ የሠራኝ። በባንዲራችን ላይ የቢጫ ጎረቤት ማነው? አረንጓዴ! ጎረቤት በችግር ቀን ካልተጠጉት መቼ ሊጠጉት ነው ብዬ፣ ቢጫውን አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁት።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ምስልም መጣ፤ ብቻ ጥቁርና ነጭ ነው። እኔ ጭንቅላቴ ገና ከቴሌቪዥኑ ኋላ እንደተቀረቀረ፣ አያ ፈንቴ «ጥቁር ነው… እዪው ልጄ፣ ጥቁር ነው» ሲሉ ሰማሁ። ጥሩዬም እግሬን ቆንጥጣ «ተወው» አለችኝ በጥርሷ መሀል።

እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል። ቀዩ ካባ ቀለም ሲያጣ ጥቁር ሆኖ፣ ሽማግሌው ሙሽራው ላይ በርኖሳቸውን ማየታቸው ነው። እኔ ግን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አለህ ተብዬ የተሰደብኩ መሰለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም… ስልኬን አውጥቼ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ቢጫውን የት እንደሰካሁት ጠየቀኝ። የባንዲራውን ነገር አስረዳሁት።

«ወንድሜ፣ ሰማያዊውንስ?» አለኝ።

«እኔ ያደግሁበት ባንዲራ ሰማያዊ የለውም» አልኩት።

ሳቁን ሲጨርስ ነገሩን አብራራልኝ። ትርፍ ያልኳቸው የማጫወቻው ቀዳዳዎች አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ናቸው። የገመድ ቀለም ቅብ ነው፤ ውስጡ አንድ ነው። ሌላ ባለ ሦስት ጫፍ ገመድ ወስጄ አረንጓዴውን ቀዳዳ ካረንጓዴው፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው፣ ቀዩን ከቀዩ ባገናኝ አለቀ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ጥሩዬ ሸሚዜን እየጎተተች እኔ አንድ በአንድ አገናኘሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ቤት ማደርም አላስፈለገው። ሐኪሞቹ የአያ ፈንቴን ዓይን ሞራ ገፈፉ፣ እኔ የቴሌቪዥኑን ገፈፍኩ፤ ሙሽራው በርበሬ የመሰለ ካባውን ለብሶ ፊታቸው ቆመ።

አያ ፈንቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። «ምነው ልጄ… በርኖሴ ቀላ?»

ያ የረሳሁት ውሸት ያኔ ትዝ አለኝ። የመብራቱ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ ካሜራው ወደ ድንኳኑ ጥግ ዞረ። በሠርጉ ቀን ያለ ወቅቱ አካፍቶ ነበር። ትልቁ ድምፅ ማጉያ ዝናብ እንዳይነካው ጥቁር ነገር ደርበውለታል። ጥራቱ የሚገርም ነው… የበጉ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ድምፅ ማጉያው ይዘፍናል።

«ያ በርኖሴን የለበሰው ሙሽራ» አሉ አያ ፈንቴ፣ «ሸጋ ድምፅ አለው።»

ጥሩዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አፈርኩ። ወግ ለማሳመር አይደለም፣ ከልቤ አፈርኩ። ያሳደጓት ሰው ሳይለምኑን የሰጡንን ለዕቃ አልብሰን፣ በዚያ ላይ ዋሽተናቸዋል። ይቅርታ ለመንኳቸው፤ የሆነውን ሁሉ ሳልቀምም ነገርኳቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ። ከዚያ ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ ጎን ተንጠልጥሎ የቀረው ቢጫ ገመድ ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ እስኪ ያን ባንዲራህን መልሰህ ስቀልልኝ።»

ቢጫውን አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ መልሼ ሰካሁት። ቀለሙ ጠፋ፤ ሙሽራው ጥቁር ለበሰ። አያ ፈንቴ ተደላድለው ተቀመጡና ሠርጉን እስከ መጨረሻው አዩት። ድምፅ ማጉያው በመጣ ቁጥር ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።

ሰኞ ጧት መናኸሪያ ወስጄ አሳፈርኳቸው። ስለ በርኖሱ ለጠየቃቸው ሰው ምን እንደሚሉ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው። በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ በዚያ በጠራ ዓይናቸው አዩኝ።

«መልበስ ብቻ? ሲበላም አላወለቀው እላቸዋለሁ።»