ከባሕር ሲወጡ ምን ይወራል?

እንደው እናንተዬ፣ እኛን የካልጋሪ ሐበሾች ዕረፍት የሚያስተምረን ማን ይሆን? ሥራውንስ ማንም ሳያስተምረን ችለነዋል። ከእኛ ሰው አንዱን መንገድ ላይ አግኝታችሁ «እንዴት ነህ?» ብትሉት «ሥራ ነው» ብሎ ይመልስላችኋል፤ ጤንነቱን ጠይቃችሁት ሺፍቱን ይነግራችኋል። «ዛሬ ኦፍ ነኝ» የሚል ከገጠማችሁም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ አንዳች ጥፋት እንደሠራ ሰው። በዚያችው በኦፍ ቀኑ የመኪናውን ዘይት ይቀይራል፣ ጋራዡን ያጸዳል፣ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ በረዶ ያልጣለበትን ደጅ ይጠርጋል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? የእኛው መነኩሴ ቆቡን እየሰፋም ኦቨርታይም ይጠይቃል።

ሌላውን አማሁ እንጂ ዋናው መነኩሴ እኔው ነኝ።

እኔ ቀን ቀን መጋዘን እሠራለሁ። ባለቤቴ ትርሲት ደግሞ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ልጆቹ አድገው ወጥተውልናል። ዋይትሆርን ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ጠዋት እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ ማታ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። የመኪና ቁልፍ እንቀባበላለን። እሷ «ምግብህ ፍሪጅ ውስጥ አለ» ትላለች፣ እኔ «ነዳጅ ሞልቻለሁ» እላለሁ። በቃ፣ በዚህ መልክ ተፋቅረን እንኖራለን።

ታዲያ አንድ ቀን ትርሲት ቁልፉን ሳትሰጠኝ ቆም አለችና «ቫኬሽን ልንሄድ ነው፤ ባሕር ውስጥ ልንጠልቅ» አለችኝ። እኔ የቀለደች መስሎኝ ነበር። ለካ ከምትንከባከባቸው አሮጊቶች አንዷ በወጣትነቷ ጠላቂ ኖራለች፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት ስለ ዓሣው፣ ከባሕር ሥር ስለሚያድገው ኮራል ታወራላት ነበር። ትርሲትም ቅዳሜ ቅዳሜ መዋኛ ገንዳ እየሄደች መጥለቅ ስትማር ከርማለች። ቅዳሜ የት እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም። ኦቨርታይም ላይ ነበርኩ።

እኔንም ጎትታ አስመዘገበችኝ፤ ተማርኩ። የጸሎት ኅብረታችን ሽማግሌ ጋሽ ተስፋይ፣ አማርኛቸውን ድሮ አሥመራ ተምረው ዛሬም ከሁላችን አጥርተው የሚናገሩት፣ ነገሩን ሲሰሙ ትከሻዬን ይዘው «ዮናስ፣ የስምህን ታሪክ ታውቀዋለህ አይደል? ለመግባት ሳይሆን ለመውጣት ጸልይ» አሉኝ። ጸለይኩና በየካቲት ብርድ ሜክሲኮ ወዳለች አንዲት ደሴት በረርን።

ውሃው ውስጥ እንዴት እንደሆንን ባያችሁ! ሁለታችን ጎን ለጎን እንንሳፈፋለን። ትርሲት ጣቷን ወደ አንድ ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ትቀስራለች፣ እኔ ዓይኔን አፈጣለሁ። በጣቷ ክብ ሠርታ «ደህና ነህ?» ትለኛለች፣ እኔም ክቡን ሠርቼ «ደህና ነኝ» እላለሁ። እንዲህ የተግባባንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ችግሩ የመጣው ከውሃ ስንወጣ ነው። ጠላቂ አንዴ ወርዶ ከወጣ በኋላ እንደገና ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ማረፍ አለበት፤ ከታች የተነፈሰው አየር ከደሙ ቀስ ብሎ እስኪወጣ። አስጎብኚያችን ሚጌል «ጥላ ውስጥ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሱ። ሥራችሁ ይኸው ነው» አለን። ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ዘንባባው ሥር ሁለት ወንበሮች ነበሩ። ተቀመጥን።

«ዓሣዎቹ ያምራሉ» አልኩ።

«ያምራሉ» አለች።

ባሕሩን አየን። «የጓሮውን በር ቆልፈኸዋል?» አለችኝ። ቆልፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚወራ ጠፋ። ያን ጊዜ ዓይኔ ተዝረክርኮ የተጣለ የጠላቂዎች የጎማ ጫማ ላይ አረፈና ተነሣሁ። ጫማውን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ደረደርኩ። መነጽሮቹን አጠብኩ። መጥረጊያ አገኘሁና አሸዋ ላይ ያለ አሸዋ ጠረግኩ። በማግስቱ ከሌላ ጀልባ የወረዱ ቱሪስቶች መጸዳጃው የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጡረታ የወጡ የኦንታሪዮ አስተማሪ ለሚጌል «ሠራተኛህ እንዴት ያለ ትጉህ ነው» ብለው ሲያመሰግኑኝ ሰማሁ። ላልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ።

የሴትዮዋን እርጥብ የመጥለቂያ ልብስ በትከሻዬ አድርጌ ላሰጣላቸው ወደ ዘንባባው ስሄድ፣ እሳቸው ከትርሲት ጎን፣ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«ባልሽስ የት ነው?» ይሏታል።

«ሥራ ላይ ነው» አለቻቸው ትርሲት።

ሴትዮዋ ካናዳ የቀረሁ መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። ትርሲት ቀጠለች፤ «እኔም ሌሊት ነው የምሠራው። ቀን ሺፍት ሰጥተውኝ ነበር። እስካሁን መልስ አልሰጠኋቸውም።»

«ለምን?»

ሳቅ አለች፤ ቀጥሎ ድምጿ ወረደ። «ማታ ማታ ሁለታችንም ቤት ከሆንን ምን እንደምናወራ አላውቅም።»

እግሬ ቆመ። ሴትዮዋ ኮቴዬን ሰምተው ዞር አሉና በፈገግታ «አመሰግናለሁ፣ እዚያ አስጣልኝ» አሉኝ። ትርሲትም ዞረች። አየችኝ፤ የተሸከምኩትን አየች።

«ባሌ እሱ ነው» አለቻቸው።

ምስኪን ሴትዮ! ፊታቸው ቀልቶ ልብሳቸውን ከትከሻዬ ወሰዱና «ወንበሩ ያንተ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

ተቀመጥኩ። «መቼ ነው የሰጡሽ?»

«ከገና በፊት።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«የት ልንገርህ? በር ላይ?»

እጄ መጥረጊያውን ፈለገ፤ ብድግ ልል ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ዮናስ፣ አንዴ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። «እኔም ምን እንደምናወራ አላውቅም» አልኳት። እውነት ነበር። ትርሲት ግን በሳቅ ፈነዳች፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲበርድ ያች ጠላቂ አሮጊት እንዴት እንዳለች ጠየቅኳት፤ ሌላ የምጠይቀው ስላልመጣልኝ።

«ሞታለች እኮ» አለችኝ። «ጥቅምት ላይ። እጇን ይዣት ነበር። 'አንድ ቀን ውረጅና እዪልኝ' ብላኝ ነው ያረፈችው። ጠዋት ልነግርህ አስቤ ሥራ እንዳይረፍድብህ ተውኩት።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን ያዝኩ። ያን ጠዋት ቁልፉን ተቀብዬ ስወጣ ፊቷን እንኳ ማየቴን እንጃ። አሮጊቷ ምን ምን እንዳለቻት እንድትነግረኝ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። አሮጊቷ እንዴት ትሳደብ እንደነበር ስትነግረኝ እንደገና ሳቅን። እኔም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት እየነዳ የሠርግ ዘፈን ስለሚዘፍነው ፊሊፒኖ ነገርኳት። ለዓመታት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው፤ ስሙን የሰማችው ያን ቀን ነው።

ሚጌል ጀልባው ሊነሣ ነው ብሎ ተጣራ። ትርሲት አየችኝ፣ እኔም አየኋት። «ሂዱ!» ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት። ጀልባው ሄደ። እኛ ተቀምጠን ቀረን።

እንደተመለስን ትርሲት ቀን ሺፍቱን ተቀበለች። የመጀመሪያው ማታ ሳሎን ውስጥ እንደ እንግዳ ፊት ለፊት ተያየን። የሁለተኛው ትንሽ ይሻል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን በቤት ማሞቂያው ተጣላን። እሷ ይበርዳታል፣ እኔ ይሞቀኛል። እሷ ከፍ ታደርገዋለች፣ እኔ ዝቅ አደርገዋለሁ። ከማሞቂያው ተነሥተን ከወንድሜ ሠርግ ጀምሮ የተጠራቀመውን ሁሉ አወራረድን፤ ራታችን ቀዘቀዘ፣ አሙቀን አብረን በላን። ሰው ለካ ከማያገኘው ሰው ጋር መጣላት አይችልም።

በማሞቂያው ክርክር ማን እንደረታ አትጠይቁኝ። ውጭው በረዶ ነው፤ እኔ ሳሎኔ ውስጥ በካናቴራ ተቀምጬ ያልበኛል። ምን ይደረግ፣ ወሬያችን ገና አላለቀም።