የቤት ቁጥር 214 በኮሪያው ድራማ ላይ የሰጡት አስተያየት

አገር የሚያድገው ሕዝብ አስተያየት ሲኖረው ነው። አስተያየት ደግሞ እንደ ሣር ዝም ብሎ አይበቅልም፤ መዝገብ ይፈልጋል፣ ፊርማ ይፈልጋል፣ የቤት ቁጥር ይፈልጋል። ይህን ታላቅ እውነት ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው በሰባ ስምንት ዓመተ ምህረት ልደታ የነበረ አንድ ቀበሌ ነው። ቁጥሩን አንናገርም፤ ትሑት ቀበሌ ነበርና መመስገን አይወድም።

ወዳጅ አገር ሰሜን ኮሪያ ለሰፊው ሕዝብ ተከታታይ ድራማ በስጦታ ልካ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በቴሌቪዥን ይታያል። በየቤቱ ቴሌቪዥን ስለሌለ ቀበሌው ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ ያሳያል። ሕዝቡም በገዛ ፈቃዱ ይመጣል። በገዛ ፈቃዱ ያልመጣ ካርዱ ላይ ማኅተም አይመታለትም፤ ማኅተም የሌለው ካርድ ደግሞ ኅብረት ሱቅ ሲደርስ ሳሙና አያይም። ስኳርስ ማኅተም ያለውም ካየ ሦስት ወር ሆኖታል። ከዚህ በቀር ግዴታ የሚባል ነገር አልነበረም።

ድራማው የሚናገረው በኮሪያኛ ነው። ትርጉሙን ሊቀመንበሩ ጓድ ፍሰሐ ከበላይ አካል ከተላከላቸው ወረቀት ቆመው ያነባሉ። ወረቀቱና ፊልሙ ግን አንድ ቀን ተገናኝተው አያውቁም። «አሁን አባትየው አረፈ» ሲሉ አባትየው ሾርባ ይጠጣል። «ምርቱ ከዕቅድ በላይ ሆነ» ሲሉ ልጅቷ መሬት ላይ ትንፈራፈራለች። ስሞቹም ለአፍ ስለማይመቹ ሕዝቡ የራሱን አወጣላቸው። ካፖርታሙን የመሬት ከበርቴ «ፊታውራሪ» አለው፤ ሴት ልጁን «አልቃሺት»።

የቤት ቁጥር 214 ወይዘሮ ወይንሀረግ ከፊት አግዳሚ ወንበር አይጠፉም። ባላቸው ከሞተ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ መሠረተ ትምህርት ገብተው ስማቸውን መጻፍ ችለዋል፣ ከዚያ በላይ ያለውን «ለሌላ ሰው ይቅር» ብለው ትተውታል። በአልቃሺት ላይ ግን ገና ከመጀመሪያው ቅዳሜ ቂም ይዘዋል።

«እኔ እምለው» ይሏታል አጠገባቸው የምትቀመጠውን ባለ ከሰሏን ዙሃራን፣ «ይቺ ልጅ እንባው ከየት ነው የሚመጣላት? ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አልቅሳ ጉንጉኗ አልተፈታ፣ አፍንጫዋ አልቀላ! እኛ ግማሽ ቀን ብናለቅስ የሚታይ ፊት ይተርፈናል?»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ወዳጅ አገር ናት» ትላለች ዙሃራ።

«ወዳጅ ብትሆን ነዋ የምመክራት!»

ይህ እንግዲህ በሹክሹክታ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ የአስተያየት መድረክ ይከፈታል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይነሳል፣ ጸሐፊዋ ነፊሳ መዝገብ ትይዛለች። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ፊልሙ አስተማሪ ነው» ሲል ቆየ። ወይዘሮ ወይንሀረግም ምላሳቸውን ነክሰው «አስተማሪ ነው» ብለው ተቀምጠዋል። ዝም ያሰኛቸው ፍራቻ ነው እንዳይባል ፈሪ አይደሉም፤ ጤፍ አላቸው።

ሁለት ኩንታል ማኛ ጤፍ። ልጃቸው የሻረግ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ትዳራለች፤ የወንዱ ወገን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ ዘሩ የበዛ ቤተሰብ ነው፣ ሁሉም ደግሞ ይበላል። በኮታ የሚሰጥ ጤፍ ሠርግ ቀርቶ ተዝካር አያወጣም። ስለዚህ ጤፉ ከወንድማቸው አገር ኬላውን በጭድ ተሸፍኖ አልፎ ልደታ ገባ። የተገኘበት ሰው ስሙ «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ነው፤ ጤፉ ይወረሳል፣ ባለ ጤፉ ይታሰራል፣ ሠርጉም ይቀራል። የወንዱ ወገን እናቷ የታሰረችን ሙሽራ እንደማይወስድ ወይዘሮ ወይንሀረግ ያውቁታል።

በዚህ መሀል የቀበሌዎች አለቃ ከሆነው ከከፍተኛው አንድ መመሪያ መጣ። ጓድ ፍሰሐ መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡት፦ «ከሁለት መቶ አባወራ አንድ ዓይነት አስተያየት መቅረቡ ሰፊውን ሕዝብ ሐሳብ የሌለው ያስመስለዋል። ከእንግዲህ የሚቀርበው አስተያየት ብስል፣ ዝርዝር እና ከራስ ኑሮ የተቀዳ ይሁን። መዝገቡ በየሳምንቱ ይላክ።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ ኋላ ገባው።

የዚያን ዕለት የታየው ሰባተኛው ክፍል ነው። ፊታውራሪ አሥር ጆንያ ሩዝ ከማድ ቤቱ ወለል ስር ይቀብራል። ዶሮ ትጭርና ታወጣበታለች። አልቃሺት አይታ ሮጣ በአባቷ ላይ ታሳብቃለች፤ ሰውየው ታስሮ ሲሄድ ኮረብታ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ጓድ ፍሰሐ «ይህ የደስታ እንባ ነው» ብለው አነበቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱና ፊልሙ ተገናኙ።

መድረኩ ተከፈተ።

«የቤት ቁጥር 214!» አለች ነፊሳ።

ወይዘሮ ወይንሀረግ «አስተማሪ» የምትለዋ ቃል አፋቸው ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ያቺ ዶሮ፣ ያ ወለል፣ ያ የሚጠፋ ሩዝ ፊታቸው ላይ ተደቀነ። ሙያ ያለው ሰው የሌላውን ጅልነት አይቶ ማለፍ እንዴት ይቻለዋል?

«ሰውየው ሞኝ ነው» አሉ።

«ያብራሩልን ጓዲት!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ምኑን ላብራራው? እህል እርጥበት ይወዳል? ዶሮ የሚውልበት ወለል ስር እህል ይቀበራል? በሳምንቱ ይሻግታል። እንኳን ልጁ አሳበቀችበት፤ ባታሳብቅበት ሽታው ያሳብቅበት ነበር።»

ጓድ ፍሰሐ ፊታቸው በራ። «ይኸው ብስል አስተያየት! ይኸው ከራስ ኑሮ የተቀዳ! ታዲያ በጓዲት ግምት አሻጥረኛው የት ማስቀመጥ ነበረበት?»

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይቀመጣል። ወይዘሮ ወይንሀረግ ግን ተጠይቀው አላውቅም ብለው አያውቁም፤ ከእናታቸው የወረሱት ጠባይ ነው።

«ፍራሽ ያደርገዋላ! አቡጀዲ በሁለት ይደርብና እንደ ብርድ ልብስ በመስመር በመስመር ይሰፋዋል፣ እህሉን ይሞላና ይተኛበታል። አብዮት ጠባቂ አልጋ ስር ያያል እንጂ ፍራሽ ይቆርጣል? ሩዝ እኮ ወፍራም ነው፣ በነጠላ ስፌትም ይያዛል።»

ነፊሳ ጻፈች። ከኋላ አቶ ሸዋንግዛው አናጢው ብድግ አሉ።

«ይቅርታ፣ ፍራሽ አልስማማም። ይከብዳል፣ ወገብም ይጨርሳል። በጣሪያና በኮርኒስ መሀል ሳንቃ ረብርቦ እዚያ ላይ መደርደር ነው። እኔ ጋ አንድ ዓመት… ማለቴ አንድ ሰው ጋ አንድ ዓመት ተቀምጦ አንድ ፍሬ አልጎደለም።»

«አይጡስ አቶ ሸዋንግዛው?» አለች ዙሃራ። «አይጥ ኮርኒስ ይወዳል። ከሰል ማዳበሪያ ውስጥ ነው እንጂ! ላይና ታቹ ከሰል፣ መሀሉ ስንዴ። ፈታሽ እጁን ማጥቆር ስለማይወድ ነክቶት አያውቅም።»

«ልጆች ናችሁ» አሉ ሰማንያ የደፈኑት እማማ ወለተሰንበት፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «መግነዜን የማስቀምጥበት ሣጥን አለ። የአሮጊት መግነዝ የሚበረብር እስካሁን አልተወለደም። ግማሽ ኩንታል ሽምብራ ይይዛል፣ አይቼዋለሁ።»

አዳራሹ ሞቀ። እንዲያ ያለ ሕዝባዊ ተሳትፎ በልደታ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ምጣድ ስር የሚል፣ የማይሠራ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የሚል፣ «የለም፣ ተሳስተሃል ወንድሜ» የሚል። የኮሪያው ፊታውራሪ ታዝኖለት አያልቅም፤ «ምስኪን፣ መካሪ አጥቶ እኮ ነው!»

ሥነ ሥርዓቱ እንደሚያዘው መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤው ይነበባል። ነፊሳ ድምፅዋ የጠራ ነው፦

«የቤት ቁጥር 214፣ ፍራሽ ውስጥ። የቤት ቁጥር 187፣ ኮርኒስ ላይ፣ በሳንቃ። የቤት ቁጥር 209፣ ከሰል ማዳበሪያ ውስጥ፣ ስንዴ። የቤት ቁጥር 221፣ መግነዝ ሣጥን፣ ሽምብራ፣ ግማሽ ኩንታል…»

ሦስተኛው ላይ ሳል ቆመ። አምስተኛው ላይ አቶ ሸዋንግዛው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ቀብር ላይ እንደሚደረገው። ነፊሳ ግን ሠላሳ አራቱንም አነበበች።

ወይዘሮ ወይንሀረግ የሻረግን በቬሎ አዩዋት፤ ወዲያው ደግሞ ያለ ቬሎ አዩዋት።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ተነስተው፣ «የኔን አስተያየት መልሱልኝ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ፊልሙ አስተማሪ ነው።»

«መዝገብ የገባ አስተያየት የሕዝብ ንብረት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ይላካል» አሉ ጓድ ፍሰሐ። ትንሽ ፈገግ አሉ። ሠላሳ አራት አሻጥረኛ በአንድ ከሰዓት! እንዲህ ያለ ሊቀመንበር ሊሾም ነው እንጂ ምን ሊሆን ነው?

ወይዘሮ ወይንሀረግ ያችን ፈገግታ አዩዋት። እልህ ያዛቸው።

«እንግዲያው የእርስዎም ይጻፍ» አሉ።

«የኔ ምኑ?»

«አስተያየትዎ ነዋ። ወይስ ሊቀመንበር አስተያየት የለውም? ይቅር ግድ የለም፣ የማያውቅ ሰው አይጠየቅም።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ጓድ ፍሰሐ ብዙ ነገር ይችላሉ፤ «አያውቅም» መባልን ግን አይችሉም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ደረታቸውን ነፉ።

«ጓዶች! የተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ንዑስ ከበርቴያዊ ጉድለት አለባቸው። ለምን? ሁሉም ያሰቡት የግል ቤት ነው። ፍተሻ የሚካሄደው ደግሞ የግል ቤት ነው! አርቆ አሳቢ ሰው ፈታሹ ራሱ ቁልፍ ከያዘበት ቦታ ያስቀምጣል። ለምሳሌ የቀበሌ መጋዘን እንውሰድ። ሃያ ካርቶን የቅስቀሳ ጽሑፍ አለ። ከሃያው አሥሩ ስኳር ቢሆኑ ማነው ጽሑፍ ነው ብሎ ከፍቶ የሚያነብ?»

«ጓድ» አሉ ወይዘሮ ወይንሀረግ በቀስታ፣ «ፊልሙ ላይ ያለው ሩዝ ነው። ስኳር የለም።»

ሦስት ወር ሻዩን ያለ ስኳር የጠጣ ሕዝብ ሊቀመንበሩን አየ።

«ነፊሳ፣ ጻፊ እንጂ የኔ ልጅ! ምን ያስፈዝዝሻል?» አሉ ወይዘሮ ወይንሀረግ።

ነፊሳም ግዴታዋን የምታውቅ ልጅ ናትና ጻፈች። «የቤት ቁጥር?» አለች።

ጓድ ፍሰሐ ስብሰባው ተዘጋ ሳይሉ መዝገቡን ከእጇ ወስደው ቢሯቸው ቆለፉበት። «መዝገቡ ይጠናል» አሉ ሲወጡ፤ ሰኞም አልተላከም።

ሕዝቡ በዚያ ሰሞን እህሉን ለማሸሽ ያልሞከረው የለም፤ ግን ወዴት ያሽሸው? ልደታ ውስጥ ያለ መደበቂያ ሁሉ ቅዳሜ ተነቧል። ወይዘሮ ወይንሀረግ ፍራሻቸው ላይ ተኝተው ጣሪያ ሲያዩ ይውላሉ፣ የሻረግ ደግሞ የእናቷን ፊት እያየች የሠርግ ሻንጣዋን ትከፍትና ትዘጋለች። «እማዬ፣ ጤፉን ለአብዮት ጥበቃ አስረክበን ይቅርታ ብንጠይቅስ?» ብትላቸው «አንቺም አልቃሺት ሆንሽብኝ እንዴ? ዝም በይ!» አሏት።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የከፍተኛው ላንድሮቨር መጣ። ጥቁር መነጽር ያደረጉ ተጠሪ ወርደው መዝገቡን ጠየቁ። ጓድ ፍሰሐ መጀመሪያ «ጠፍቷል» አሉ፣ ቀጥሎ «እየተጠና ነው» አሉ፣ መጨረሻ ላይ አቀረቡ። ተጠሪው ቆመው አነበቡ። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ያን ገጽ ገንጥለው፣ አጥፈው፣ ኪሳቸው ከተቱና «የቤት ቁጥር 214 የት ነው?» አሉ።

መንደሩ በራፍ ላይ ወጣ። ዙሃራ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ተጠሪው ሾፌራቸውን አጥር ውጭ አስቁመው ብቻቸውን ገቡ። የሻረግን «አንቺ ውጪ» አሏት፣ በሩን ዘጉት። ቀጥ ብለው ወደ አልጋው ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን አደረጉት። አልተመለሰም። በዝግታ ተቀመጡበት።

«ይህ ነው?»

«ይኸው ነው» አሉ ወይዘሮ ወይንሀረግ። መዋሸት ከዚህ ወዲያ ጉልበት ማባከን ነው። «እሰሩኝ፤ ግን ልጄን ከዳርኩ በኋላ ይሁን። እንግዳ ተጠርቷል።»

ተጠሪው ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው የቀላ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሩዝ በነጠላ ስፌት ይያዛል ብለዋል። ጤፍ ሲሆንስ? ምክርዎ በወሬ ደርሶን ባለቤቴ ከትናንት ወዲያ በነጠላ ሰፍታው መኝታ ቤቱ እንዳለ ጤፍ ሆነ። ስንሄድ ያንሸራትተናል።»

ወይዘሮ ወይንሀረግ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ቀስ ብለው በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ጤፍ ደቃቅ አይደለች እንዴ፣ በመርፌ ቀዳዳ ትወጣለች! ድርብ ነው የሚሰፋው፣ ክሩም ሰም ይነካል። ስንት ኩንታል ነው የእርስዎ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ!» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ለዘጠኝማ ስፌት ብቻ አይበቃም ጌታዬ፤ ብዙ አልጋ ይፈልጋል። ልጆች ስንት ናቸው?»

ተጠሪው አንገታቸውን ደፉ።

«ሁለት።»

«አነሱ» አሉ ወይዘሮ ወይንሀረግ።